የአምስት ዘፈን ዕዳ፦ የሬዲዮ ሙዚቃ አቅራቢዎች ከስትሪሚንግ ጋር እንዴት ይፎካከራሉ?

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አካባቢ ተራ ከሚጠብቁት ሚኒባሶች የብዙዎቹ ሬዲዮ በርቷል። ጠጋ ብሎ ላዳመጠ ግን አንዳንዶቹ ውስጥ የሚሰማው የሬዲዮ ጣቢያ አይደለም። ሾፌሩ ሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ ላይ አውራ ጣት የምታክል ዕቃ ሰክቷል። ስልኩ በብሉቱዝ ከዕቃዋ ጋር ይገናኛል፤ እሷ ዘፈኑን 87.5 ወይም ሌላ ባዶ ቁጥር ላይ ጥቂት ሜትር ብቻ ታሰራጫለች፤ የመኪናው ሬዲዮ ደግሞ እንደማንኛውም ጣቢያ ይቀበላታል። ከኋላ የቆመው ታክሲ እዚያው ቁጥር ላይ ከሆነ የፊተኛውን ሾፌር ዘፈን ይሰማል፤ ሰልፉ ፈቀቅ ሲል ይቋረጥበታል።

ስቱዲዮ ውስጥ የተቀመጠው የሙዚቃ አቅራቢ የሚፎካከረው ከዚህች ዕቃ ጋር ነው። ባላንጣው የራሱ ሬዲዮ ውስጥ ገብቶ በራሱ ሞገድ እየዘፈነበት ነው። «ሬዲዮ ሞቷል» እና «ሬዲዮን የሚያህል የለም» የሚሉትን ሁለት ወሬዎች ለጊዜው ወደ ጎን ትተን አሠራሩን እንመልከት፤ በተለይ ከከተማው ዳር ሆኖ ለሚያዳምጥ ሰው።

ስትሪሚንግ ማለት ምንድን ነው? ከኤፍኤም በምን ይለያል?

ስትሪሚንግ ማለት ዘፈኑን ስልክ ላይ ሳይጭኑ፣ ከሩቅ ኮምፒውተር በኢንተርኔት እየፈሰሰ ሲመጣ መስማት ነው። ስፖቲፋይ፣ አፕል ሚውዚክና ዩቲዩብ በዓለም የታወቁት ናቸው፤ እኛ አገር ደግሞ አውታርና ሰዋሰው ሙዚቃን በመተግበሪያ ለአድማጭ ያቀርባሉ።

ልዩነቱን በውሃ ማየት ይቀላል። ኤፍኤም ዝናብ ነው፤ አንድ ጊዜ ሲዘንብ ባልዲ ያወጣ ሁሉ ይቀዳል፣ አንድ ሺህ ሰው ቢጨመር ዝናቡ አያንስም፣ የጣቢያውም ወጪ አይጨምርም። ስትሪሚንግ በጄሪካን የሚመላለስ ውሃ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት ለብቻው ይቀዳል፣ እያንዳንዱም ቤት ይከፍላል። ጥቅሙ ውሃውን በፈለጉት ሰዓት፣ የፈለጉትን ዓይነት ማግኘታቸው ነው።

ክፍያው በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። መካከለኛ በሚባል ጥራት፣ ማለትም በሰከንድ 128 ኪሎቢት የሚፈስ ድምፅ በሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። ከኮዬ ፈጬ ወይም ከቦሌ አራብሳ መሃል ከተማ ደርሶ ለመመለስ በቀን ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ የሚያሳልፍ ሰው 173 ሜጋባይት ያስፈልገዋል፤ በ26 የሥራ ቀን 4.5 ጊጋባይት ይጠጋል። ጥራቱን ወደ 320 ኪሎቢት ያሳደገ ሰው ወጪውን ሁለት ተኩል እጥፍ ያደርገዋል። ዩቲዩብን ለዘፈን ብቻ ከፍቶ ስልኩን ኪሱ ውስጥ የሚከት ደግሞ የማያየውን ቪዲዮ ጭምር እየከፈለ ነው፤ ያ ከድምፅ ብቻ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ገብቶ ኢትዮ ቴሌኮም ተፎካካሪ ካገኘ ወዲህ የጥቅል አማራጩ በዝቷል፤ ዝናቡ ግን ዛሬም ነፃ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። በከተማው ዳርቻ የአቅራቢው ዋና ባላንጣ ከስትሪሚንግ ይልቅ ፍላሽ ነው። ሙዚቃ ቤት ገብቶ «ዘፈን ጫንልኝ» ማለት እስካሁን አልቀረም። ፍላሽ ዳታ አይበላም፣ ኔትወርክ አይጠይቅም። ጉድለቱ ሳምንት ሳይሞላው መሰልቸቱ ነው፤ ሾፌሩም ወደ ሬዲዮ የሚመለሰው ያኔ ነው።

መተግበሪያው የምወደውን በምን ያውቃል?

የሠፈር ባለሱቅ ሽሮ የገዛ ሰው በርበሬም እንደሚፈልግ ለማወቅ ወጥ መሥራት አያስፈልገውም። ደንበኞቹ ሁለቱን አብረው ሲገዙ በተደጋጋሚ አይቷል፣ በቃ። የመተግበሪያው ዋና ዘዴም ይኸው ነው፤ እናንተ የምትሰሟቸውን ዘፈኖች የሚሰሙ ሌሎች ሰዎችን ይፈልግና እነሱ የሚሰሙትን፣ እናንተ ያልሰማችሁትን ያመጣላችኋል። ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በየሳምንቱ ሰኞ 30 ዘፈን መርጦ ለየሰው የሚያቀርበው በዋናነት በዚህ መንገድ ነው። የዘፈኑን ፍጥነትና የድምፅ ጠባይ የሚተነትን ፕሮግራምም ይታከልበታል።

ባለሱቁ የሚቆጥራቸው ነገሮች አሉት። ዘፈኑን ከ30 ሰከንድ በፊት ዘለላችሁት? ደገማችሁት? አስቀመጣችሁት? ማታ ነው ጠዋት የሰማችሁት? እያንዳንዱ ድርጊት እንደ ድምፅ ይቆጠራል።

ይህ ዘዴ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች ለአቅራቢው የተተዉ ክፍት በሮች ናቸው። አንደኛው የጋራ ስልክ ነው፤ አባት በቀን የድሮ ዘፈን ሰምቶበት ማታ ልጅ ሲቀበለው መተግበሪያው ሁለቱን አንድ ሰው አድርጎ ይይዛቸዋል፣ ለሁለቱም የማይሆን ነገር ያመጣል። ሁለተኛው የስም ነገር ነው። ጥላሁን ገሠሠ በአማርኛ «ገሠሠ»ም «ገሰሰ»ም ተብሎ ይጻፋል፤ በላቲን ፊደል ደግሞ የመጀመሪያ ስሙ ራሱ በተለያየ መልክ ተጽፎ ይገኛል። ሰው ቁጭ ብሎ ካላገናኛቸው ለማሽኑ የተለያዩ ዘፋኞች ናቸው። «ትዝታ» ብላችሁ ብትፈልጉ የሚመጣው ጉድ ነው፦ ትዝታ ቅኝትም ነው፣ የዜማ ዓይነትም ነው፣ የስንትና ስንት ዘፋኝ የዘፈን ርዕስም ነው። በካሴት ዘመን ወጥቶ ማንም ወደ ኢንተርኔት ያልጫነው ዘፈን ደግሞ ለመተግበሪያው ከነጭራሹ የለም።

ሦስተኛው በር የቀን መቁጠሪያው ነው። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ብዙ ቤት ውስጥ ዘፈን ይቀነሳል፣ በሬዲዮ በገና ይሰማል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ፊት እየቀደመ ይመጣል፣ መንዙማውም አብሮት። የእንቁጣጣሽ ዘፈን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይወደዳል፣ ጥቅምት ላይ ይሰለቻል። ባለሱቁ ያለፈውን ግዢ ያውቃል፣ ነገ ጾም መግባቱን ግን አያውቅም፤ ትናንት ማታ ስትጨፍሩበት የነበረውን ሰኞ ጠዋት ያቀርብላችኋል።

ታዲያ አቅራቢው ምን አለው? የአንድ ሰዓቱ ሒሳብ

አንድ የሬዲዮ ሰዓት እንውሰድና እንክፈለው። ዜና 5 ደቂቃ፣ ማስታወቂያና የስፖንሰር መልእክት 12 ደቂቃ፣ የአቅራቢው ንግግር፣ ጂንግል (የፕሮግራሙ አጭር መለያ ዜማ) እና የአድማጭ ስልክ 9 ደቂቃ ቢሆን ለሙዚቃ 34 ደቂቃ ይቀራል። አንድ ዘፈን በአማካይ 5 ደቂቃ ነው ብንል ሰባት እንኳ አይሞላም። በዚያው ሰዓት መተግበሪያው 12 ዘፈን ያሰማል። ስለዚህ አቅራቢው ማይክራፎኑን ከመክፈቱ በፊት የአምስት ዘፈን ዕዳ አለበት። በዘፈኖቹ መካከል የሚናገረው ነገር ከአምስት ዘፈን ካልበለጠ አድማጩ ስልኩን ያገናኛል።

ዕዳው የሚከፈለው በትናንሽ ሳንቲም ነው። በጣም የሚሠራው ሳንቲም የአሁኑ ሰዓትና ቦታ ነው። የዘፈን መግቢያ፣ ማለትም ግጥሙ እስኪጀምር ያለው ሙዚቃ፣ 18 ሰከንድ ነው እንበል። በዋሽንት ይጀምራል። አቅራቢው ሙዚቃውን ዝቅ አድርጎ በላዩ ላይ እንዲህ ይላል፦

«12 ሰዓት ከ40። ከኮዬ ፈጬ የወጣችሁ፣ ቂሊንጦ ጋ መኪና ተበላሽቶ አንዱን መስመር ዘግቷል። በጎሮ በኩል ያለው ይሻላል ይላሉ አሁን የደወሉልን። ሰልፍ ላይ ላላችሁ ይችን።»

ቃላቱ ሃያ አምስት አይሞሉም፤ ረጋ ተብለው ሲነገሩ 15 ሰከንድ ገደማ ይወስዳሉ። ሦስት ሰከንድ ለዋሽንቱ ይቀራል፣ ከዚያ ዘፋኙ ይገባል። ሰዓት፣ መንገድ፣ አማራጭ፣ ለማን እንደሆነ፤ ሁሉም ገብቷል። ሰላምታ የለም፣ «ውድ አድማጮቻችን እንደምን አደራችሁ፣ እነሆ ዛሬም» የለም። በዚህ ንግግር ውስጥ የሌለውን ማስተዋል ያለውን ከማስተዋል አያንስም።

ይህን ለማድረግ የእያንዳንዱን ዘፈን መግቢያ በሰከንድ ማወቅ ያስፈልጋል። ጠንቃቃ አቅራቢዎች የፋይሉ ስም ላይ ይጽፉታል፦ የዘፋኙ ስም፣ ርዕሱ፣ «18» የሚል ቁጥር፣ መጨረሻው እየቀነሰ የሚጠፋ ወይም በድንገት የሚቆም መሆኑ። ይህ የመጨረሻው ተራ ይመስላል፤ ግን በድንገት የሚቆም ዘፈን መቆሙን ያላወቀ አቅራቢ አራት ሰከንድ ዝምታ ያስተላልፋል፣ ቁጥር የሚቀይር አድማጭ ደግሞ አራት ሰከንድ ይበቃዋል።

የሚገርመው ስትሪሚንግ ይህችን የመነጋገሪያ ቦታ ራሷን እየበላት መሆኑ ነው። በአሜሪካ በተወዳጅ ዘፈኖች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናት በ1980ዎቹ አጋማሽ በአማካይ ከ20 ሰከንድ በላይ የነበረው መግቢያ በ2015 ወደ 5 ሰከንድ መውረዱን አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አድማጩ በአንድ ጣት ዘፈን መዝለል ሲችል ዘፋኙ ቶሎ ድምፁን ማሰማት አለበት። በአምስት ሰከንድ ውስጥ ሰዓት መናገር ይቻላል፣ መንገድ መናገር አይቻልም። አዳዲስ ዘፈን ብቻ የሚያጫውት አቅራቢ ለንግግሩ ከታች የሚያስቀምጠው ሌላ ሙዚቃ ማዘጋጀት ይኖርበታል፣ ወይም ከዘፈኑ በኋላ መናገር።

ከዘፈን በኋላ መናገር የራሱ ሙያ አለው። አድማጩ አሁን የሰማውን ማን እንደዘፈነው ማወቅ ይፈልጋል፤ ብዙ አቅራቢ ግን ወደሚቀጥለው ይሮጣል። መተግበሪያው የዘፋኙን ስም ስክሪን ላይ ይጽፋል፣ የግጥሙንና የዜማውን ባለቤት፣ አቀናባሪውን፣ ሳክስፎን የነፋውን ግን ብዙ ጊዜ አይነግርም፤ በተለይ ለቀድሞ የአማርኛ ዘፈኖች። የካሴት ሽፋን ያገላበጠ ወይም ሙዚቀኞቹን የጠየቀ አቅራቢ እዚህ ላይ አቻ የለውም። አንዲት እውነት ትበቃለች። ሦስት ከሆኑ ትምህርት ይሆናል።

ሌላው ሳንቲም ድርድሩ፣ ማለትም የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል ነው። ሰበታ፣ ሱሉልታና ገላን ውስጥ በአንድ ግቢ አማርኛም ኦሮምኛም ይሰማል። መተግበሪያው አንዱን የጀመረ ሰው በዚያው ቋንቋ እንዲቀጥል ይገፋዋል፤ ያለፈው ልማዱ ነዋ። ጥሩ አቅራቢ በምት የሚመሳሰሉ የአማርኛና የኦሮምኛ ዘፈኖችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፣ አድማጩም ሳይታወቀው ይሻገራል።

በተግባር የሚበላሸው ምንድን ነው?

አንደኛው መደጋገም ነው፤ መነሻው ስንፍና ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ግን ልክ አይደለም። ብዙ የሙዚቃ ፕሮግራሞች የሚሠሩት የአየር ሰዓት ከጣቢያው በሚገዙ ተባባሪ አዘጋጆች ነው። እያንዳንዱ የራሱን ፍላሽ ወይም ላፕቶፕ ይዞ ይመጣል፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ይዞት ይወጣል። ከእሱ በፊት የነበረው ምን እንዳጫወተ ካልተጻፈ፣ አንዱ ፕሮግራም በዘጋበት ዘፈን ቀጣዩ ይከፍታል። መድኃኒቱ ስቱዲዮው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አንድ መዝገብ ነው፦ ሰዓት፣ ዘፋኝ፣ ርዕስ። በሦስት ሰዓት ውስጥ የተጫወተ አይደገምም። መንገድ ላይ ሦስት ሰዓት የሚያሳልፍ አድማጭ እንዳለ እናውቃለንና።

ሁለተኛው የድምፅ መጠን ነው። ስፖቲፋይ ዘፈኖችን ሁሉ ወደ ተቀራራቢ የጩኸት ደረጃ ያመጣል፤ የ1960ዎቹ የሸክላ ቅጂና የዘንድሮ ዘፈን ተከታትለው ቢመጡ ጆሮ አይደነግጥም። ጣቢያ ውስጥ ይህን የሚያስተካክል መሣሪያ ከሌለ ወይም በደንብ ካልተስተካከለ ሥራው የቴክኒሻኑ ጣት ላይ ይወድቃል። የድሮውን ዘፈን ለመስማት ሬዲዮውን ከፍ ያደረገ አድማጭ ላይ ማስታወቂያው ሲፈነዳ መጀመሪያ የሚያደርገው መዝጋት ነው።

ሦስተኛው የፋይል ጥራት ነው። ከዩቲዩብ ወርዶ የመጣ ዘፈን ፋይሉ እንዲያንስ አንድ ጊዜ ተጨምቋል። ጣቢያው በኢንተርኔት ሲያስተላልፈው ዳግመኛ ይጨመቃል። ውጤቱ በመጀመሪያ ጸናጽሉ ላይ ይታወቃል፤ «ጽስስ» የሚለው ድምፅ ውሃ ውስጥ እንዳለ ይሆናል። ኤፍኤም እስከ 15 ኪሎኸርዝ ድረስ ያለውን ድምፅ ስለሚያሳልፍ ከዋናው ቅጂ የተወሰደ ፋይል በአየር ላይ ልዩነቱ ይሰማል።

የሰላምታ ነገር ደግሞ ያጨቃጭቃል። «ከሰበታ እገሌ፣ ከለገጣፎ እገሊት» እያሉ ሃያ ስም ማንበብ ሃያ ሰው ያስደስታል፣ ሌላውን ያባርራል። ሆኖም ጨርሶ መተው ስህተት ይመስለናል። የሠፈሩን ስም በሬዲዮ መስማት ለዳር ነዋሪ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ከመሃል ከተማ ውጪ ያለው ሠፈር በዜና የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ውሃ ሲጠፋ ወይም መንገድ ሲቆፈር ነው። ሦስት ስም፣ እያንዳንዱ ከነምክንያቱ፦ ሌሊት ተረኛ የነበረች ነርስ፣ ዛሬ የሚፈተን ተማሪ፣ ቤት የቀየረ ሰው። ያኔ ሌላውም ይሰማል።

ዳር ላይ ሬዲዮው ለምን ያንሿሿል?

ኤፍኤም ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ይሠራል፤ ሞገዱ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ጋራ ሲያጋጥመው ከጀርባው ጥላ ይጥላል። ማሰራጫዎች ከፍታ ላይ የሚተከሉትም ለዚህ ነው። አዲስ አበባ በአማካይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን እንጦጦ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል። ሱሉልታ ከጋራው ማዶ ነው፤ ከከተማው በኩል ለሚመጣ ሞገድ ጋራው ግድግዳ ይሆንበታል። ማሰራጫው ከቤታችሁ የሚታይ ከሆነ ግን ሃያና ሠላሳ ኪሎ ሜትር ችግር አይደለም።

በኮንዶሚኒየም ውስጥ ጠላቱ ብረት ያለበት ኮንክሪት ነው። ምድር ቤት ላይ የሚያንሿሽሽ ጣቢያ አራተኛ ፎቅ ላይ ጥርት ሊል ይችላል። የቆርቆሮ ግድግዳም እንዲሁ ሞገድ ይመልሳል። መጀመሪያ የሚሞከረው ሬዲዮውን ወደ መስኮት ማምጣት ነው። ቀጥሎ አንቴናውን መዘርጋት፤ ለምሳሌ በ102.1 ላይ የሞገዱ ርዝመት 2.94 ሜትር ነው፣ ጥሩ የሚቀበለው ደግሞ የዚህ ሩብ፣ ማለትም 73 ሴንቲሜትር የሆነ ሽቦ ነው። አንቴናው የተሰበረበት ሰው በዚህ ልክ የተቆረጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጫፉን ልጦ ቢያስረው ይሠራል። በስልክ የሚሰማ ከሆነ የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ራሱ አንቴናው ስለሆነ ተጠቅልሎ ኪስ ውስጥ ሳይሆን ተዘርግቶ መሆን አለበት።

ሹክሹክታው ካልጠፋ ሬዲዮውን ከስቴሪዮ ወደ ሞኖ መቀየር ነው። የስቴሪዮ ድምፅ የግራና የቀኙን ልዩነት ለብቻው በሚሸከም ተጨማሪ ሞገድ ይላካል፤ ምልክቱ ሲደክም መጀመሪያ በጫጫታ የሚሞላው እሱ ነው። ሞኖ ያን ክፍል ይጥለዋል፣ ዘፈኑ ጠበብ ይላል፣ ጫጫታው ግን በጣም ይቀንሳል። መኪና ውስጥ ደግሞ ርካሽ የስልክ ቻርጀር ነቅሎ ማየት ነው፤ ብዙ ጊዜ የጣቢያው ችግር የተባለው እሱ ሆኖ ይገኛል።

ስትሪሚንግም ዳር ላይ የራሱ ጣጣ አለው። ታክሲው ሲሮጥ ስልኩ ከአንዱ የኔትወርክ ማማ ወደ ሌላው ይዛወራል፤ መካከል ላይ ክፍተት ካለ አስቀድሞ የተጠራቀመው ድምፅ አልቆ ዘፈኑ ቀጥ ይላል። መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ የማማው ባትሪ ይደክማል፣ የስልኩም ቻርጅ። ኤፍኤም በሁለት ባትሪ ድንጋይ ሌሊቱን ያድራል። ለአቅራቢዎች አሳሳቢው ነገር ሌላ ነው፦ ብዙ አዳዲስ ስልኮች የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳም የኤፍኤም መቀበያም የላቸውም። ስልኩ ላይ ሬዲዮ የሌለው ወጣት ዝናቡ እየዘነበ ባልዲ የለውም።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?

ኤፍኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም. ሲጀምር በከተማዋ ኤፍኤም ላይ ሌላ ተፎካካሪ አልነበረውም፤ የግሉ ሸገር 102.1 በ2000 ዓ.ም. ከገባ ወዲህ ጣቢያው ሁሉ ለአንድ ማስታወቂያ ይሻማል። ተባባሪ አዘጋጅ መጀመሪያ ለጣቢያው ይከፍላል፣ ከዚያ ስፖንሰር ያፈላልጋል፣ ትርፉ ልዩነቱ ነው። ቢራ ፋብሪካዎች ለሙዚቃ ፕሮግራም ቅርብ ስፖንሰሮች ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲከለክል ያ ምንጭ ደረቀ። ስትሪሚንግ የመጣበት ሰዓት ይህ መሆኑ ይረሳል፤ ለሙዚቃ ፕሮግራሞች መሳሳት ሁሉ መተግበሪያውን ተጠያቂ ማድረግ ልክ አይመጣም።

በስትሪሚንግ በኩል የወሩ ገቢ አንድ ከረጢት ውስጥ ይገባል። ስፖቲፋይ ከዚያ ሁለት ሦስተኛ ገደማውን ለመብት ባለቤቶች እንደሚያከፋፍል ይናገራል፤ ድርሻው የሚለካው ከጠቅላላው መደመጥ ውስጥ የዘፈኑ ስንት እጅ እንደሆነ ነው። 30 ሰከንድ ያልሞላ መደመጥ አይቆጠርም። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ምንም አያገኝም። በእኛ አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው 872/2007 ዘፈን በሬዲዮ ሲሰራጭ ለባለመብቶቹ ተገቢ ክፍያ እንዲከፈል ይደነግጋሉ። ክፍያውን ለማከፋፈል የትኛው ዘፈን ስንት ጊዜ እንደተጫወተ መታወቅ ስላለበት፣ ቅድም ያነሳነው የስቱዲዮ መዝገብ እዚህም ያገለግላል።

አቅራቢው በማሽን አይተካም?

ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. በ2023 በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚናገር አቅራቢ አምጥቷል። ዘፈን ይመርጣል፣ በመካከል ስለ ዘፋኙ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ አድማጩንም በስሙ ይጠራል። በእንግሊዝኛ ተጀመረ፣ በቀጣዩ ዓመት ስፓኒሽ ተጨመረ። ልብ ማለት የሚገባው ማሽኑ የወሰደው የትኛውን ሥራ እንደሆነ ነው፦ በጣም የተለመደውን፣ «አሁን የሰማችሁት እገሌ ነው፣ ቀጥሎ እገሊት አለች» የሚለውን። ሥራው በዚህ ብቻ የተወሰነ አቅራቢ ማሽኑ በአማርኛም ሲመጣ የሚፎካከርበት ነገር አይኖረውም። ቂሊንጦ ጋ ስለቆመው መኪና ለማወቅ ግን የሚደውል ሰው ያስፈልጋል፣ የሚደወልለትም።

ሬዲዮ ራሱ ኢንተርኔት ላይ ቢወጣ አይሻልም?

ወጥቷል፣ ከነጣጣው። አንድ የሙዚቃ ፕሮግራም ተቀድቶ ዩቲዩብ ላይ ሲጫን የዩቲዩብ መለያ ሥርዓት ዘፈኖቹን ከተመዘገቡ ቅጂዎች ጋር ያነጻጽራል፤ ከገጠመ ገቢው ወደ ባለመብቱ ይሄዳል ወይም ቪዲዮው ይታገዳል። ስለዚህ አዘጋጆች ዘፈኖቹን ቆርጠው ንግግሩን ብቻ ይጭናሉ። የሁለት ሰዓቱ ፕሮግራም ወደ 25 ደቂቃ ይወርዳል፤ የቀረው ጥሩ መሆኑና አለመሆኑ ያኔ ራቁቱን ይታያል።

በቀጥታ የሚተላለፈው ደግሞ ይዘገያል። ድምፁ ተጨምቆ፣ በየቁራጩ ተልኮ፣ ስልኩ ላይ ተጠራቅሞ እስኪሰማ ከኤፍኤሙ 20፣ 30 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ወደ ኋላ ይቀራል። «መጀመሪያ የደወለ ይሸለማል» የሚል ጥያቄ ሲቀርብ በኢንተርኔት የሚሰማው ሰው ጥያቄው ሳይደርሰው መስመሩ ተይዟል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከሞከረ በኋላ ይተወዋል። ይህን ያወቁ አቅራቢዎች ጥያቄውን ጠይቀው ስልኩን አይከፍቱም። ዘፈን ይለቃሉ። አምስት ደቂቃው ሲያልቅ ጥያቄውን ሳይደግሙ መስመሩን ይከፍታሉ፤ በኤፍኤም የሰማውም፣ በስልኩ የሰማውም ያኔ እኩል ይደውላሉ።